የድጅኖ ላሜራ

ድጅኖ በዚያ ዓመት ያልመታው ነገር ቢኖር ሰው ብቻ ነው። በር መትቷል። ግድግዳ መትቷል። አንድ ቀን እንዲያውም የውሃ በርሜል በቡጢ ደልቆት፣ በርሜሉ እስከ ዛሬ ሆዱ እንደገባ ብረታ ብረት ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሟል፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ «ይሄ ደግሞ ምን በድሎት ነው?» እያለ ያልፋል። ሰው ግን አልመታም ነው የሚባለው። ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ለዚያ ሰውዬ፣ ዓሣን ከውሃ ወጥተህ ኑር እንደማለት ነው።

ድጅኖ ያሉት ያለ ነገር አይደለም። ቀጥ ያለ፣ ረዥም፣ ከባድ ነው፤ የገባበትን ሳይቆፍር አይወጣም። ሥራውም መቺነት ነው። ብረታ ብረት ቤት ውስጥ አንድ የጋለ ብረት በሁለት ሰው ነው የሚሠራው። ያዡ በግራ እጁ ብረቱን በጉጠት ቆንጥጦ ብረት መቀጥቀጫው መስፍ ላይ ያጋድማል፤ በቀኙ በያዛት ትንሽ መዶሻ መመታት ያለበትን ቦታ ነካ አድርጎ እጁን ወደ መስፉ ጠርዝ ያሸሻል። መቺው ባለ አምስት ኪሎውን መዶሻ አንስቶ የተነካው ቦታ ላይ ያሳርፋል። ነካ፣ ድው። ነካ፣ ድው። ትንሿ መዶሻ ጠርዙ ላይ ሁለቴ ካቃጨለች፣ አቁም ማለት ነው።

የቤቱ ባለቤት ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ይላቸዋል። ድጅኖን በቀጠሩበት ቀን ያስተማሩት ነገር አንድ ብቻ ነበር። «ስማ፣ ዓይንህ ያረፈበት ላይ ነው መዶሻህም የሚያርፈው። ብረቱን እይ። የያዥህን እጅ አትይ። ካየኸው ትመታዋለህ።» ድጅኖ አሥራ ሁለት ዓመት ሲመታ የያዡን እጅ አይቶ አያውቅም። ያዡ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው። አማቹ።

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት መጨረሻ ላይ፣ በአንድ የዕረፍት ቀን፣ ድጅኖ ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጋር መንገድ ላይ ተያያዘ። የሹፌሩ የፊት ጥርስ ወለቀ። ገላጋይ በዝቶ ለያያቸው እንጂ ድጅኖ ገና አልጨረሰም ነበር፤ ያልጨረሰውን ጠብ ይዞ ቤቱ ገባ። በሩን በእርግጫ ከፈተው። ሚስቱ ሰሃን እያጠበች ነበር።

«ቀስ በል፣ ልጅቷ ተኝታለች» አለችው።

ይሄን ነው ያለችው፤ ሌላ ቃል አልወጣትም። የሹፌሩ ድርሻ የነበረው ቡጢ እሷ ላይ ወረደ። ፊቷን ለመከለል ክንዷን አነሳች፤ የእጅ አንጓዋ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ። ሰሃኑ ከመሬት እስኪደርስ ድጅኖ የሠራውን አላወቀም። ቀና ሲል ልጅቷ አልተኛችም። አንድ ጫማዋን አድርጋ፣ አንዱን በእጇ ይዛ፣ በር ላይ ቆማ ታየዋለች።

ሚስቱ በዚያው ቀን ልጇን ይዛ ወንድሟ ቤት ገባች። ከሳምንት በኋላ ድጅኖ አንገቱን ደፍቶ ቢሄድ፣ በጀሶ የታሰረ እጇን ደረቷ ላይ አስደግፋ በሩ ላይ አቆመችው።

«ዓመት» አለችው። «አንድ ዓመት ሙሉ እጅህን ማንም ሰው ላይ ሳታነሳ ከቆየህ፣ ያኔ ና፣ እንነጋገራለን። ከዚያ በፊት ብትመጣ ወንድሜን አይደለም የምጠራው፣ ፖሊስ ነው።»

ያ ቤት፣ ብረታ ብረት ቤቱ ማለቴ ነው፣ አንድ ልማድ አለው። ዓመቱ ሊወጣ ሲል ከምድጃው ጀርባ ያለውን ግድግዳ ኖራ ይቀቡና፣ እያንዳንዱ ለአዲሱ ዓመት ያሰበውን በከሰል ይጽፍበታል። ጥላሸቱ እስከ ሁለተኛው ወር ድረስ ሁሉንም ይበላዋል። «ምስጢር ጠባቂ ግድግዳ ነው» ይላል የቤቱ በያጅ። እሱ ሰባት ዓመት ሙሉ «ሲጋራ አቆማለሁ» ብሎ ጽፏል፤ ጽፎ ሲጨርስ እጁን በሱሪው ይጠርግና «ለመሰናበቻ» ብሎ አንድ ይለኩሳል። ጋሼም በየዓመቱ «ጥርሴን አስተክላለሁ» ይጽፋሉ። አሁንም በድዳቸው ነው የሚስቁት።

ግድግዳው በተቀባበት ቀን ድጅኖ ከሰሉን አልነካም። የትልቅ መጽሐፍ ገጽ የሚያህል ላሜራ ቆርጦ ለበያጁ ሰጠው። «በብየዳ ጻፍልኝ። ጥላሸት የማይበላው ይሁን።»

«ምን ብዬ?»

«እጄን ሰው ላይ አላነሳም።»

በያጁ የፊት መከለያውን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። «እግርስ?»

«እግርም ጨምር።»

«ቦታ አይበቃም። ደግሞ በእግርህ ስትመታ አይቼህ አላውቅም፤ እስከዚያ ድረስ ቆሞ የጠበቀህ ሰው የለም።»

ጋሼ ሳቁ፣ ድጅኖም ሊስቅ ምንም አልቀረውም ነበር። አማቹ ብቻ አልሳቀም። ከሰሉን በጣቶቹ መሃል እያሽከረከረ ግድግዳው ሥር ቆሟል።

«አንተስ ምን ትጽፋለህ?» አሉት ጋሼ።

«የኔ ዕቅድ እሱ ሲያፈርስ ማየት ነው» አለ። «መጻፍ አያስፈልገውም።» ከሰሉን እሳቱ ውስጥ ወረወረው።

ጋሼ እነዚህን ሁለት ሰዎች ሊለዩአቸው አስበው ነበር፤ ግን ሌላ መቺ የላቸውም፣ ሌላ ያዥም የላቸውም። «ከደጅ ውጡና ተገዳደሉ» አሉ። «መስፉ ላይ ግን ሥራ ነው።»

ላሜራው በሚስማር ተሰቀለ። ድጅኖ በየጠዋቱ ሹል መምቻ ያሳርፍበትና፣ ከጽሑፉ ሥር አንዲት ነጥብ በመዶሻ ቀጭ ያደርጋል። አንድ ቀን፣ አንድ ነጥብ።

ወሬ ክንፍ አለው። ድጅኖ እጁን አጣጥፏል የተባለ ዕለት፣ የድሮ ጥፊ የተረፈው ሁሉ ሊመልስ መጣ። አንበሳ ሲያረጅ የዝንብ መጫወቻ ይሆናል የሚባለው ደረሰበት፤ ያውም ሳያረጅ። መጀመሪያ የመጣው ያ ጥርሱ የወለቀው ሹፌር ነው። የመኪናውን የተሰበረ ባሌስትራ፣ ማለት ከጎማው በላይ ጭነቱን የሚሸከመውን ንጣፍ ብረት፣ ሊያሠራ ይዞ ገባ። ብረቱን አስቀመጠ፣ እጁን አራገፈ፣ ድጅኖን በጥፊ አጮለው። ጆሮው ጭው አለበት። ሁለተኛ ደገመው። ድጅኖ ሁለት እጆቹን የቆዳ ሽርጡ ቀበቶ ውስጥ ሰክቶ ቆመ።

«ለምን ሰዓት ይድረስልህ?» አለው።

ሹፌሩ ለሦስተኛ ያነሳውን እጅ አወረደ። «ለነገ» አለና ወጣ።

ቀጥሎ የአውቶቡስ ተራው ተሸካሚ በቴስታ አፍንጫውን አደማው። ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ መጣ፤ ከአምስት ዓመት በፊት «ጆሮዬን በመቀስ ነካኸኝ» ተብሎ ከገዛ ወንበሩ ላይ በቡጢ የወረደው ሰውዬ። ቁመቱ ድጅኖ ደረት ላይ አይደርስም። ዙሪያውን ተመለከተ፣ የሚቆምበት ባልዲ ፈለገ፣ አጣ።

«ጎንበስ በልልኝ እስቲ» አለው።

ድጅኖ ጎንበስ አለለት። አንዲት ጥፊ አቀመሰው፤ ከዚያ ደንግጦ «አመመህ እንዴ?» ብሎ ጠየቀው። በያጁ ለሳምንት ይሄን እያወራ ሳቀ።

ያላሳቀው በአምስተኛው ወር የሆነው ነው። ሦስት ሆነው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከገበያው ጀርባ ባለው ቀጭን መንገድ ላይ ጠበቁት። ከአንደኛው ጋር የድሮ ቂም ነበረው፤ ሁለቱ ግን የመጡት ለማየት ያህል ነው፣ ሰው መምታት የማይችል ትልቅ ሰው በየቀኑ አይገኝማ። በፌሮ ብረት እግሩን ብለው ጣሉት። ከዚያ በጫማ ረገጡት፤ ጎኑን፣ ጀርባውን፣ ሆዱን። ድጅኖ አንዱን ቁርጭምጭሚት ቢይዝ እንደ ሸንኮራ ይሰብረው ነበር፤ ይሄንንም አወቀ፤ ቁርጭምጭሚቱ ከዓይኑ ሥር አንድ ክንድ አይርቅም። ጣቶቹን ማጅራቱ ላይ አቆላልፎ ጥርሱን ነከሰ። ሁለት የጎን አጥንት ተሰበረ። ሦስት ቀን ደም ሸና። በአራተኛው ቀን እየተንፏቀቀ መጥቶ ያመለጡትን ነጥቦች በአንዴ መታ። ጋሼ አይተው «ይሄ ሰውዬ ወይ ጻድቅ ሆኗል ወይ ጅል» አሉ። «ሁለቱም ሰው አይመቱም።»

ግን እነዚህ ሁሉ ከአማቹ አይብሱም።

አማቹ በእጁ አልነካውም። በምላሱ ነበር የሚሠራው፣ ያውም ብረቱ ሲግል፣ መዶሻው አየር ላይ ሲወጣ። «ዛሬ ጠዋት ብርድ ሲነካው አንጓዋን አመማት።» ነካ፣ ድው። «ማንኪያ የምትይዘው በግራዋ ነው።» ነካ፣ ድው። «ልጅቷ በር ሲንኳኳ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች።» ድው።

«ብረት ሲግል ያዥ አያወራም!» ይጮኻሉ ጋሼ። ይሄ የቆየ የሙያው ሕግ ነው፤ ያዥ አፉ ሲከፈት እጁን ማሸሽ ይረሳልና። አማቹ አይሰማም። ድጅኖም ዓይኑን ከብረቱ ሳይነቅል የሚሰማውን ሁሉ ወደ መዶሻው ያወርደዋል። በያጁ እንደሚለው፣ በዚያ ዓመት ከዚያ ቤት የወጣ ባሌስትራ እስከ ምጽአት ቀን አይሰበርም።

ሃያ ቀን ቀረው። ላሜራው በነጥብ ሞልቷል።

በዚያን ጠዋት የሚሠሩት የዚያኑ የሹፌሩን ብረት ነበር፤ ሰውየው አሁን ደንበኛ ሆኗል። ብረቱ ከፍሙ እንደ ብርቱካን ቀልቶ ወጣ። አማቹ አጋደመው። ነካ፣ ድው።

«ልጅቷ ትናንት ሥዕል ሣለች።» ነካ፣ ድው። «ትምህርት ቤት ቤተሰባችሁን ሣሉ ተብለው። እናቷን ሣለች።» ድው። «እኔን ሣለች፣ ከነጺሜ።» ድው። «አንተንም ሥላሃለች። ረዥም አድርጋ።» ነካ አደረገና ቀና አለ። «እጅ ግን የለህም። ምነው ረሳሽው ብላት፣ ‹እጅ ከሠራሁለት ይማታል› አለችኝ።»

መዶሻው ከአናቱ በላይ ነበር። የድጅኖ ዓይን ከብረቱ ላይ ተነሳ። ወደ መስፉ ጠርዝ ሄደ። ትንሿን መዶሻ ጨብጦ የተቀመጠ፣ ጥላሸት የጠጣ ቀኝ እጅ አየ። መጀመሪያ አውራ ጣቱን፣ ቀጥሎ ትንሿ ጣት ላይ ያለችውን የድሮ ጠባሳ አየ። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አየው፤ አይቶም አልዘለለውም።

መዶሻው ወረደ። ድው አላለም። ሌላ ድምፅ ነው ያወጣው፤ እርጥብ ድምፅ።

የጋለው ብረት ወለሉ ላይ ተንከባለለ። አማቹ መጀመሪያ አልጮኸም፤ እጁን አንስቶ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ይመስል አየው። ሁለት ጣቶቹ ጠፍጥፈው ተንጠልጥለዋል። ደሙ የጋለው መስፍ ላይ ሲንጠባጠብ ጭስ እያለ ተነነ። ያን ጊዜ ጮኸ። በያጁ ሸሚዙን ቀዶ ጠቀለለለት፣ ጋሼ በዱላቸው መኪና ለማስቆም ወደ መንገድ ሮጡ። ድጅኖ መዶሻውን እንደያዘ ቆሟል።

ሐኪም ቤት ሁለቱን ጣቶች ቆረጧቸው። አማቹ ከአልጋው ላይ ሆኖ ለጋሼ የነገራቸው ግን ሌላ ነው። «የኔ ጥፋት ነው» አለ። ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቷል። «አፌን ከፍቼ እጄን በደንብ ሳላሸሽ ቀረሁ። እሱን እንዳትናገሩት።» ጋሼም ያዥ ሆነው ያረጁ ሰው ናቸውና አመኑ። «ብያችሁ ነበር፣ ብያችሁ ነበር» እያሉ ለአንድ ሳምንት ከረሙ። ሚስቱም በጋሼ በኩል ላከችበት፦ «አደጋ መሆኑን ወንድሜ ነግሮኛል። ቀንህ ሲደርስ ና።»

በቃ፤ ሁሉም ይቅር ብሎት ተቀምጧል። ዝም ማለት ብቻ ነው የቀረው። ዝም ማለት ደግሞ ለድጅኖ አዲስ አይደለም፣ ዓመቱን ሙሉ የሠራበት ሥራ ነው።

ጣቶቹ በተቆረጡ ማግሥት ጠዋት ድጅኖ ማንም ሳይገባ ላሜራው ፊት ቆመ። መምቻውን አስጠጋ፣ መዶሻውን አነሳ። ሳይመታ መልሶ አወረደው። ላሜራውን ከሚስማሩ አውርዶ ገለበጠው። በጀርባው በኩል የዓመቱ ነጥቦች ሁሉ ብጉር ሆነው ወጥተዋል። ከእነሱ በታች፣ ልሙጥ በሆነው ጥግ ላይ፣ አንዲት ነጥብ መታ። መልሶ ሰቀለው። ሃያ ቀን እንዲህ አደረገ፤ የፊቱ ነጥብ መቆሙን በጥላሸቱ ውስጥ ማንም ልብ አላለም።

ቀኑ ሲደርስ ታጠበ፣ ላሜራውን በብብቱ ይዞ ሄደ።

ሚስቱ ናት የከፈተችለት። አንጓዋ ትንሽ ወደ ጎን ዘንብሏል፤ ጀሶው ከተፈታ ወዲህ ሲያየው የመጀመሪያው ነው። ከኋላዋ አማቹ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ቀኝ እጁ በፋሻ። ልጅቷ ጠረጴዛ ሥር ናት፤ የጫማዋ ጫፍ ይታያል።

«ሞላልህ» አለችው ሚስቱ። ግባ አላለችውም፤ ግን ከበሩ ገለል አለች። ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ተከፈተ። ድጅኖ ያቺን ቦታ አየ። ዓመት ሙሉ የተረገጠው ለዚያች ክንድ ለማትሞላ ቦታ ነው።

«አልሞላም» አለ።

«እንዴት?»

«አይቼው ነበር።»

አማቹ ከወንበሩ ተነሳ። «ምን አልክ?»

«እጅህን። ከመምታቴ በፊት አይቼው ነበር።»

«እና ብታየውስ?» አለች ሚስቱ፣ አንዱን ካንዱ እያየች። «ዓይን ያለው አያይም እንዴ?»

«መቺ የያዥን እጅ አያይም» አለ አማቹ። ድምፁ ቀጭን ሆነ። «ካየ፣ ሊመታ ነው። እኔ ደግሞ... እኔ ሐኪም ቤት ተኝቼ ለዚህ ሰውዬ ስሟገት!»

በግራው ጀመረ። ቡጢው የድጅኖን ከንፈር ጥርሱ ላይ ሰነጠቀው። ድጅኖ ላሜራውን ጥሎ እጆቹን ቀበቶው ውስጥ ሰካ። ሁለተኛው ዓይኑ ላይ፣ ሦስተኛው ያ ያልዳነው ጎኑ ላይ አረፈ፤ ጭንቅላቱ ከበሩ መቃን ጋር ተላተመ። አማቹ ራሱን ስቶ በፋሻው እጅም መታ፤ ስፌቱ ተበጠሰና የሁለቱም ደም ድጅኖ ሸሚዝ ላይ ተቀላቀለ። ድጅኖ በጉልበቱ ወረደ። አማቹ ለሌላ አነሳ።

«ወንድሜ!»

ሚስቱ መሃል ገባች። ፊቷን ለመከለል ክንዷን አነሳች፤ ያንኑ ክንድ፣ በዚያው አነሳስ፣ ዘንበል ያለው አንጓዋ ከፊት። የወንድሟ ቡጢ ከአንጓዋ አንድ ጣት ሲቀረው አየር ላይ ቀረ።

አማቹ ቡጢውን አየው። ቀስ ብሎ ጣቶቹን ፈታ፣ እንደ ጋለ ነገር።

«አንቺን አይደለም...» አለ።

«እሱም እንደዚያ ነበር ያለኝ» አለች። «ያንን ቡጢ ለሹፌር ነበር የያዘው።»

አጎንብሳ ላሜራውን አነሳች። የፊቱን አነበበች፣ ገለበጠችው፣ ብጉሮቹን በግራ እጇ ዳበሰች፣ ጥጉ ላይ ያሉት ላይ ስትደርስ ቆመች።

«እነዚህ?»

«ከእሱ ጣት ወዲህ ያሉት ናቸው» አለ ድጅኖ ደሙን እየተፋ። «ሃያ።»

ላሜራውን መለሰችለት። «እጠብቅሃለሁ አልልህም» አለች። «እሱን ቃል አሁን ከኔ አትጠብቅ። አንተ ግን ቁጠር።» ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። «አንተም ነገ ሄደህ የራስህን ላሜራ አስበይድ። እዚህ ቤት ጠረጴዛ ሥር የምትኖር ልጅ አለች።»

በሩን ዘጋችው። ሳታጋጭ።

አማቹ ወደ ሥራ የተመለሰው ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው። መጥቶ ማንንም ሳያናግር ለበያጁ ቁራጭ ላሜራ ሰጠው። በያጁ ያቆመውን ሲጋራ ከአፉ አወጣ። «ያንኑ ልጻፍ?»

«ያንኑ።»

«ቅጂ ነው፤ ቶሎ ያልቃል።»

ከድጅኖ ጎን ሰቀሉት። ጋሼ ጥግ ላይ ሆነው «ሌላ መቺ ልፈልግልህ?» አሉት አማቹን። አማቹ ጉጠቱን በግራው አነሳ፤ በቀኙ በተረፉት ሦስት ጣቶች ትንሿን መዶሻ ሁለቴ ጣላት፣ በሦስተኛው ያዛት።

«ይሄኛው ቢያንስ ካየ፣ ‹አይቻለሁ› ይላል» አለ።

ብረቱን ከፍሙ አውጥቶ አጋደመው። ድጅኖ መዶሻውን አነሳ።

«ዓይንህ የት ነው?» አለው አማቹ።

«ብረቱ ላይ።»

አማቹ አፉን ዘጋ። ነካ አደረገና እጁን አሸሸ።

ድው።